የድሮ ኮርሳን ወደ ፊክስድ ለምትቀይሩ

የድሮ ኮርሳ ብስክሌት ወደ ፊክስድ (ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም አብሮ ወደሚዞርበት ብስክሌት) ልትቀይሩ ካሰባችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የቴላዮውን (የብስክሌቱን አጽም) የኋላ ጫፍ እዩ። አክሰሉ የሚገባበት ክፍተት አግድም ወይም ሰያፍ ከሆነ እሰየው! ጎማውን ወደ ኋላ ስባችሁ ሰንሰለቱን ትወጥሩታላችሁ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚከፈት ከሆነ ግን ሌላ ቴላዮ ብትፈልጉ ይሻላል። በሞላ የሚሠራ መወጠሪያ እዚህ አያዋጣም፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትገፉ የሰንሰለቱ ጉልበት ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

አክሰሉ በሚገባባቸው በሁለቱ የቴላዮ ጫፎች መካከል ያለውን ስፋትም ለኩ። የፊክስድ ሃብ (አክሰሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) አብዛኛውን ጊዜ 120 ሚሊሜትር ነው፤ ብዙ የድሮ ኮርሳዎች 126 ናቸው። አክሰሉ ከበቃ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ሮንዴላ ጨምሩ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምለው የኋላውን ጥርስ ነው። በነባሩ ሃብ ላይ ዝም ብላችሁ አትጠምዝዙት። ፔዳሉን ወደ ኋላ በገፋችሁ ቁጥር ሊፈታ ይችላል። ትክክለኛው የፊክስድ ሃብ ለማሰሪያ ቀለበት የሚሆን ሁለተኛ ጥምዝ አለው፤ ቀለበቱ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ለዚህ ገንዘብ አትሰስቱ።

ሰንሰለቱ ሲወጠር መሃሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ይበል። የፊት ፍሬኑን ደግሞ በፍጹም አታውጡት።