ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዴንቨር ውስጥ የሚጨምረው ኦዞን ከየት መጣ? እንዲህ ለዩት

ዴንቨርና ኦሮራ ያላችሁ፣ በተለይ አስም ያለበት ልጅ የምታሳድጉ፣ ይሄን ያዙልኝ። ኦዞን ከላይ ሆኖ ከፀሐይ ጨረር ይከልለናል፤ ስንተነፍሰው ግን ሳንባ ያቆስላል። ብዙ ሰው የሰመር ጣጣ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም።

መጀመሪያ የአየር ጥራትን በቀለም የሚያሳየውን ኤርናው (AirNow) የሚባለውን የመንግሥት ድረ ገጽ ክፈቱ። ነፃ ነው። እንደ አስም ላለባቸው ሰዎች ማስጠንቀቂያ የሆነው ብርቱካናማ ቀለም የሚጀምረው የኦዞኑ የስምንት ሰዓታት አማካይ ከ70 ፒፒቢ (ከቢሊዮን የአየር ክፍል 70) ሲያልፍ ነው።

ቀጥሎ ንፋሱን እዩ። ቀኑ ፀጥ ያለና ፀሐያማ ከሆነ፣ ኦዞኑም ጠዋት ዝቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ካሻቀበ፣ አብዛኛው የራሳችን ነው። መኪናና ፋብሪካ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይተፋሉ፤ ቤንዚን፣ ቀለምና በሰሜን በኩል ዌልድ ካውንቲ ያሉት የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች ደግሞ ተናኝ ጋዝ ይለቃሉ፤ ፀሐይ ሁለቱን አገናኝታ ኦዞን ታደርጋቸዋለች። ቤንዚን ስትቀዱ የታንከሩ አፍ ላይ አየሩ ሲርገበገብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ትነት አንዱ ጥሬ ዕቃ ነው። አውራ ጎዳና ዳር ያለ መለኪያ ዝቅ ቢል ግን እንዳትዘናጉ። እዚያ ትኩሱ የመኪና ጭስ ኦዞኑን ይበላዋል፤ ወደ ጎልደን፣ ተራራው ግርጌ ስትጠጉ ቁጥሩ ይጨምራል።

ብርድ ይዞ የመጣ ኃይለኛ ንፋስ ካለፈ በኋላ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አየሩ ከንፈር እስኪሰነጥቅ ደርቆ፣ የመኪና ጭስ ምልክት የሆነው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ዝቅ ብሎ ኦዞኑ ብቻ ከፍ ካለ፣ ከላይ፣ ስትራቶስፌር ከሚባለው ከፍተኛ የአየር ንብርብር የወረደውን ጠርጥሩ። ይሄ በስፕሪንግ ይበዛል፤ ከተማችንም 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቶሎ ይደርስብናል። እዚህ ላይ ሰዓት ብቻውን አይበቃም፣ ምክንያቱም ከላይ የመጣውም ቀትር ላይ አየሩ ሲደባለቅ ሊያሻቅብ ይችላል።

ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ አብሮ ከጨመረ የሰደድ እሳት ጭስ ፈልጉ። ከፓስፊክ ማዶ የሚመጣ ኦዞንም አለ፣ እሱን ግን በቤት ዘዴ መለየት ይከብዳል።

የራሳችን በሆነ ቀን ቤንዚን ማታ ቅዱ፣ ጉዳያችሁን በአንድ ዙር ጨርሱ። ከየትም ይምጣ ግን የልጆቹን ኳስ ጠዋት አድርጉት፣ ከሰዓት በኋላ መስኮት ዝጉ። ማስክ ላይ አትመኩ፤ ኦዞን ጋዝ ነው፣ ተራው ማስክ አያስቀረውም።