ፕላስቲሳይዘር ስትገዙ ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት

አዳማ ውስጥ የፒቪሲ ቱቦና ኮንጎ ጫማ በሚሠራ ድርጅት ቅልቅል አዘጋጃለሁ። አዲስ የሚገቡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ዘይት ይረክሳል?» ብለው ነው። ዘይት የሚሉት ፕላስቲሳይዘሩን ነው፤ ፕላስቲክንና ጎማን ለማለስለስ የሚጨመረውን ፈሳሽ። እኔ ደግሞ ዕቃውን ምን እንደሚያገኘው እጠይቃቸዋለሁ። ፀሐይ ነው? ናፍጣ ነው? ወይስ የሕፃን አፍ?

ለተራ የውሃ ቱቦ ዲኦቲፒ ወይም ዲአይኤንፒ የሚባለው የፕላስቲሳይዘር ዓይነት ይበቃል። ዲኦፒ ብዙ ሰው የለመደው ነው፤ ግን የመራቢያ ጤናን ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት በመጫወቻ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኝ ከልክሏል። ልጅ ወደ አፉ ለሚወስደው ነገር ዲአይኤንፒም አይሆንም። ለዚህ ዲኦቲፒ ወይም ሲትሬት ግዙ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሂሳብ ስትሠሩ የኪሎውን ዋጋ ብቻ አትዩ። በ50 ኪሎ ዲኦፒ የሚገኘውን ልስላሴ በዲአይኤንፒ ለማግኘት 53 ኪሎ ገደማ ያስፈልጋል።

ነጋዴው «ብርድ ይችላል» ብሎ ዲኦኤ ቢያቀርብላችሁ አትቸኩሉ። የዲኦኤ ጥቅም የሚታየው ከዜሮ በታች በጣም በወረደ ብርድ ነው። እኛን የሚፈትነን ሙቀት ነው፤ ዲኦኤ ደግሞ ቶሎ ይተናል። ቆርቆሮ ላይ ተዘርግቶ የሚውል ቱቦ ሳይቆይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሞተር አጠገብ ለሚያልፍ የሽቦ ልባስ «ቶትም» የሚባለው ዓይነት አለ። ውድ ነው፣ ግን ሙቀቱን ይችላል።

አስቸጋሪው ናፍጣ ነው። የወንጂ ገበሬ ለውሃ ፓምፑ የናፍጣ ቱቦ ሲፈልግ ናይትራይል ጎማ እንጠቀማለን። እንደ ዲኦፒ ያለ ተራ ኤስተር ከጨመርንበት ናፍጣው ቀስ በቀስ አጥቦ ይወስደዋል። ጎማው ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ መጋጠሚያው ላይ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ፖሊመሪክ ኤስተር ምረጡ። ሞለኪውሉ ረጅም ስለሆነ በቀላሉ አይወጣም። ወፍራም ነውና ለማደባለቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው ሌላ ዓይነት ጎማ ላይ ግን ኤስተር አታብዙ፤ አይስማሙም። የሱ ወዳጅ የፓራፊን ዘይት ነው።

ሻጩ የሚላችሁን በራሳችሁ አረጋግጡ። ከናሙናው ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና በወርቅ ሚዛን መዝኑ። ሦስት ቀን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፉ። ሲወጣ ያብጣል፤ አትደንግጡ፣ ገና አላለቀም። ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁትና እንደገና መዝኑ። የጎደለው በአብዛኛው ናፍጣው የወሰደው ፕላስቲሳይዘር ነው። ሁለት ሦስት ዓይነት ጎን ለጎን ብትሞክሩ ልዩነቱን ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ለፒቪሲ ደግሞ ቀጭን ቁራጭ አጥፋችሁ በሽቦ እሰሩና አሳድሩት። ጠዋት ስትፈቱት የእጥፋቱን ውስጥ በሲጋራ ወረቀት ተጫኑ። ወረቀቱ ላይ ቅባት ከታየ ወይ ዘይቱ በዝቷል፣ ወይ ከሬዚኑ፣ ማለትም ከራሱ ከፒቪሲው፣ ጋር አልተስማማም። መጀመሪያ መጠኑን ቀንሳችሁ ድገሙት፤ አሁንም ካዣ ዓይነቱን ቀይሩ።