ቾፐሩ ሲዘጋ እጅ አይገባም፦ የመኖ መክተፊያ ማሽን አያያዝ

እኛ ሰፈር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ላም ያለው ሰው ሁሉ አሁን አሁን ቾፐር ይፈልጋል። አይፈረድበትም። የገብስ ገለባና የአጃ ድርቆሽ እንዳለ ሲቀርብላት ላሟ ለስላሳውን መርጣ ሌላውን እግሯ ሥር ትረግጠዋለች። ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲከተፍ ብክነቱ በጣም ይቀንሳል። እኔም ለላሞቼ ብዬ ገዝቼ ለጎረቤትም እከትፋለሁ። ሰው ሲሠራ ሳይ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። ማሽኑ እየዞረ ሁሉም ይጠነቀቃል። ሲዘጋ ግን ይዘናጋል፣ እጁንም ይሰዳል። ጣት የሚሄደው ያኔ ነው።

ቾፐር የሚዘጋው እርጥብ መኖ ሲበዛበት፣ ቢላው ሲደነዝ ወይም ጉልበት ሲያንሰው ነው። እኛን ደጋዎቹን የሚያስቸግረን የመጨረሻው ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን እዚህ ያጣል። 7 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት 5 ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ የማሽላ አገዳ ሲያደቅ የነበረ ማሽን ጣርማ በርን ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አጉርሱት። ድምፁ ሲወፍር ቆም በሉ፣ ሲመለስ ቀጥሉ። የመጨረሻዋን እፍኝ በእጅ ሳይሆን በእንጨት ግፉ።

ዘጋ እንበል። መጀመሪያ አጥፉት። ቢላዎቹን የተሸከመው ከባድ ብረት ከጠፋም በኋላ ይዞራል፤ ፑሌጃው (የጎማ ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ የሚጠመድበት ክብ ብረት) ቀጥ ብሎ እስኪቆም በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ የቤንዚን ከሆነ የካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ገመድ ንቀሉና ከካንዴላው አርቁት። የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱን ንቀሉና ጫፉን ከፊታችሁ፣ የምታዩት ቦታ አስቀምጡት። አሁን ክዳኑን ክፈቱ። የታጨቀውን ገለባ በዱላ ወይም በብረት ሜንጦ ሳቡ። ፑሌጃውን ወደኋላ ማዞር ካስፈለገ የሚያዞረውም የሚያጸዳውም አንድ ሰው ይሁን። ሌላ ሰው ሲያዞር እጃችሁ ማሽኑ ውስጥ ከሆነ፣ ያለ ሞተርም ቢላው ጣት ይቆርጣል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማሽኑ አፉን እንደሞላ ይቆማል። ሰውም «እስኪመጣ ላጽዳው» ይላል። መብራቱ መጣሁ ብሎ አይመጣም፤ ማብሪያው ካልጠፋ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። መብራት በሄደ ቁጥር ማብሪያውን አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። መብራት ሲመለስ በራሱ የማያስነሳ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ አለ። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስገቡ፣ ኧርዙንም በዚያው ያስተካክልላችሁ። ለዚህ የሚወጣ ብር አይቆጭም።

አሁን ወደ ልብስ። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጋቢ ሳይደርቡ መውጣት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ጋቢ፣ ነጠላ፣ ፎጣ፣ የተንጠለጠለ ሻሽ ቾፐር አጠገብ አይደርስም። ጥብቅ ያለ ሹራብ ልበሱ፣ ማተባችሁንም ሸሚዝ ውስጥ ክተቱት። ሰፊ ጓንትም ከመኖው ጋር ይሳባል። ጎረቤቴ ገለባ ይዘው ሲመጡ «እትዬ፣ ነጠላዎትን እዚያ ይስቀሉልኝ» ሳልል አላስነሳም። አንዳንዴ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ። ልጆች ደግሞ ከግቢው ዳር ይቆማሉ፣ አያጎርሱም። የገብስ ፀጉር ዓይን ስለሚወጋ መነጽር አድርጉ።

ብርድ ነው ብላችሁ የቤንዚኑን ሞተር በር ዘግታችሁ አታስነሱ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ደጅ አውጡት። ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ላይ ገለባ እንዳይከማች እያያችሁ ጥረጉ፣ ቤንዚን የምትጨምሩትም ሞተሩ ሲበርድ ነው።

ከመክተፋችሁ በፊት ገለባውን አራግፉት። የአውድማ ገለባ ጠጠር አያጣም፣ ጠጠር ደግሞ ቢላ ይሸርፋል፣ ተስፈንጥሮም ዓይን ያጠፋል። ከሁሉ የምፈራው የታሰረበትን ሽቦ ነው። ቾፐሩ ሽቦውን ቆራርጦ ከመኖው ጋር ይቀላቅለዋል። ላም መኖን በደንብ ሳታኝክ ስለምትውጥ ስባሪው ሁለተኛው ጨጓራዋ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ወግቶ ልቧ ድረስ ሊደርስ ይችላል። የማሰሪያ ሽቦ እየቆጠራችሁ አውጡ።

ጥገናው ብዙ አይደለም። ቢላዎቹን ስትስሉ ሁሉንም አንድ ላይ አውጥታችሁ እኩል ሳሏቸው። አንዱ ከቀለለ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የተሸከመውን) ይበላል፣ ቡሎን ይፈታል። በግራይንደር ሲሳል ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ተቃጥሏል፣ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ውሃ እያስነካችሁ ቀስ በሉ። የቢላ ቡሎን ሲላላ ወይም ጥርሱ ሲበላ በዚያው ዓይነትና ጥንካሬ ቡሎን ነው የሚተካው፣ ባገኛችሁት ተራ ቡሎን አይሆንም። በተንቀሳቃሹና በቋሚው ቢላ መካከል ያለውን ክፍተት በመመሪያው ልክ አድርጉ። ክፍተቱ ሲሰፋ ማሽኑ መቁረጡን ትቶ ማኘክ ይጀምራል፣ ያን ጊዜም ይዘጋል። ቺንጋው መሃሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ኩሽኔታውን ግራሶ ቀቡት፣ ግን አታጥግቡት።

ገና ልትገዙ ከሆነ የማጉረሻውን አፍ በክንዳችሁ ለኩት። ከክንዳችሁ ቢረዝም ይመረጣል፣ እጅ ቢላው ጋ አይደርስም። ቺንጋው ላይ የብረት ሽፋን ከሌለው ሻጩ አስገጥሞ ይስጣችሁ። ትርፍ ቢላና ቡሎኑን፣ መመሪያውንም ብር ከመክፈላችሁ በፊት ተቀበሉ።