ሞት እንደማይቀር እያወቁ ለኑሮ ትርጉም መስጠት፦ ከኑዛዜ መጀመር

ሞት እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል፤ ይሁንና ይህ ዕውቀት ኑሮን የሚመራው በወረቀት ላይ ሲሰፍር ነውና፣ ፋታ ያለዎትን አንድ ምሽት መርጠው ኑዛዜዎን ይጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ የሚጽፈውን ኑዛዜ ይቀበላል፤ ጽሑፉ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መኖር አለበት።

ቤትና ገንዘብ ማከፋፈሉ ቶሎ ያልቃል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው ማን ነው፣ ያልተመለሰው የማን ውለታ ነው፣ ልጆችስ ከእርስዎ አፍ ያልሰሙት የትኛውን ታሪክ ነው? መልሶቹን በሌላ ወረቀት ያስፍሩና በሕይወት ሳሉ ሊፈጸሙ ከሚችሉት አንዱን በዚያው ሳምንት ይጀምሩ። ከተኳረፉት ወንድም ጋር ለመታረቅ ዛሬ ሽማግሌ መላክን፣ ከቀብር በኋላ የሚነበብ ቃል አይተካውም።

ሌላው ልምምድ እድር ነው። ወርኃዊ መዋጮ ከፍሎ ዘወር ማለት (ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው) አይበቃም፤ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይያዙ፣ አግዳሚ ወንበር ያመላልሱ፣ ከሐዘንተኛው አጠገብ ተቀምጠው ስለ ሟቹ የሚነገረውን ልብ ብለው ያዳምጡ። እኔ እንደታዘብኩት፣ በለቅሶ ቤት ከደመወዝ ይልቅ ሟቹ ማንን እንዳስጠለለና ማንን እንዳስተማረ ይነሳል። የሰሙት ነገር ከራስዎ ኑሮ የጎደለውን ካመለከተዎት ኑዛዜውን አዲስ አድርገው ይጻፉት፤ ተናዛዡ በሕይወት እስካለ ድረስ ሊሽረውም ሊለውጠውም ይችላል።