የኢንኩቤተር እርጥበት አያያዝ ለድሬዳዋ ጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች

ከ28 የእርግዝና ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ቆዳው ገና ስስ ነው፤ የሰውነቱ ውሃ ይተናል፣ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የኢንኩቤተሩን (ሕፃኑ የሚተኛበትን ሙቅ ዝግ ሳጥን) የአየር እርጥበት ከመጀመሪያው ሰዓት 80 በመቶ ላይ አድርጉት። ከ7 ቀን በኋላ በየቀኑ 5 በመቶ እየቀነሳችሁ 50 አካባቢ አድርሱት።

የኢንኩቤተሩ የውሃ ገንዳ ውስጥ ስቴራይል ዲስቲልድ (ከጀርም የጸዳ፣ የተጣራ) ውሃ ብቻ ይገባል። የድሬ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ማሞቂያው ላይ ይጋገራል፤ ቢፈላም አትጠቀሙበት። በየ24 ሰዓቱ የቀረውን ደፍታችሁ አዲስ ሙሉ። በአሮጌው ላይ መጨመር ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ ያራባል፤ ይህ ለእነዚህ ሕፃናት ገዳይ ነው።

ግድግዳው ላይ ጠብታ ከያዘ ጥረጉት፤ የረጠበ አንሶላ ሕፃኑን ስለሚያቀዘቅዝ ወዲያው ቀይሩ። ትልቁን በር ሳትከፍቱ በእጅ ማስገቢያው ሥሩ። የሕፃኑ ክብደት በፍጥነት ከቀነሰ ወይም በደሙ ያለው ሶዲየም በሊትር ከ150 ሚሊሞል ካለፈ ለሐኪሙ አሳውቁ፤ ገንዳውንና መዝጊያዎቹንም ፈትሹ።