ትርፍ ክፍልን የቤት ሲኒማ ማድረግ፦ ከመቀመጫው ጀምሩ

ብዙ ሰው የቤት ሲኒማ ሲያስብ መጀመሪያ የሚገዛው ትልቁን ስክሪን ነው። ከዚያ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ይፈልጋል፣ ስፒከሮቹን በተረፈው ቦታ ይደረድራል፣ ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ያስጠጋል። ይህ አካሄድ የተገለበጠ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከተመልካቹ ዓይንና ጆሮ ስለሆነ መጀመሪያ የሚወሰነው መቀመጫው ነው። የስክሪኑ መጠን፣ የስፒከሩ ቦታ፣ ሽቦው የሚሄድበት መንገድ ሁሉ ተከትሎት ይመጣል።

ክፍሉና መቀመጫው

የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ለኩ። በሩን፣ መስኮቱንና ሶኬቶቹን ጨምራችሁ ወረቀት ላይ ሳሉት። ለ5.1 ሲስተም (አምስት ስፒከርና ቤዙን ብቻ የሚያወጣ አንድ ሳብዉፈር) 4.5 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል ይበቃል። ምርጫ ካለ ርዝመትና ስፋቱ እኩል የሆነውን ተዉት። ምክንያቱ ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስም የሚጠነክርበት ድግግሞሽ (በሄርዝ የሚለካ፣ በሰከንድ ያለው የንዝረት ብዛት) አለ። 343ን ለርቀቱ እጥፍ ስታካፍሉ ታገኙታላችሁ፦ ለ4.5 ሜትር 38 ሄርዝ፣ ለ3 ሜትር 57 ሄርዝ፣ ለ2.5 ሜትር ከፍታ 69 ሄርዝ አካባቢ። ርዝመትና ስፋት እኩል ሲሆኑ ሁለቱ ይደራረቡና አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ሌላውን ቤዝ ሁሉ ይውጠዋል።

በዚሁ ምክንያት ለመቀመጫ የማይመቹ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ልክ የርዝመቱ እኩሌታ ነው፤ በርዝመቱ የሚመላለሰው ሞገድ (በምሳሌው የ38 ሄርዙ) እዚያ ይጠፋል፣ ሳብዉፈሩ ምንም ቢጮህ ጆሮ ጋ አይደርስም። ሌላው የኋላ ግድግዳ ሥር ነው፤ እዚያ ቤዙ ያብጣል፣ ከግድግዳው ተመልሶ የሚመጣው ድምፅም ንግግሩን ያደበዝዘዋል። ለመነሻ ያህል ጆሮ ከፊት ግድግዳ የርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ ይሁን፤ በ4.5 ሜትር ክፍል 3 ሜትር ላይ ማለት ነው። ክፍሉ አጥሮ ሶፋው ግድግዳ ጋ ከደረሰ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሳቡት። በእንዲህ ያለ ክፍል ሁለት ረድፍ መቀመጫ ለማስገባት መሞከር ሁለቱንም ረድፍ ማበላሸት ነው።

ስክሪን፣ ቴሌቪዥን ወይስ ፕሮጀክተር

ከዓይን እስከ ስክሪን ያለውን ርቀት ለ1.2 ስታካፍሉ ከጥግ እስከ ጥግ የሚለካውን ትልቁን መጠን፣ ለ1.6 ስታካፍሉ ደግሞ ትንሹን ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው 40 ዲግሪ፣ ሁለተኛው 30 ዲግሪ የሚሆን የዕይታ ስፋት ይሰጣል። 3 ሜትር ላይ ለተቀመጠ ሰው ከ75 እስከ 100 ኢንች ያለው ልክ ነው።

መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ማጨለም ካልተቻለ ቴሌቪዥን ግዙ። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይረጭም፤ የሚያሳየው ጥቁር ክፍሉ የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ነጭ ኮርኒስ ፕሮጀክተርን የሚገድለው፦ ከስክሪኑ የተነሳው ብርሃን ኮርኒሱን መትቶ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ያርፍና ሌሊቱን ትዕይንት ግራጫ ያደርገዋል። ቢያንስ ከስክሪኑ አንስቶ 1.5 ሜትር ድረስ ያለውን ኮርኒስና የጎን ግድግዳ በማያብለጨልጭ ጥቁር ግራጫ ቀቡ። የዚህ ቀለም ዋጋ በተሻለ ፕሮጀክተርና በርካሹ መካከል ካለው ልዩነት በጣም ያነሰ ነው፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

100 ኢንች ስክሪን 221 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 125 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። የፕሮጀክተሩ መግለጫ ላይ የመወርወሪያ ሬሾ የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ እሱን በስክሪኑ ስፋት ስታባዙ ሌንሱ ከስክሪኑ ምን ያህል እንደሚርቅ ይነግራችኋል። ሬሾው ከ1.4 እስከ 1.9 ከሆነ ከ3.1 እስከ 4.2 ሜትር ማለት ነው። ይህን ሳያሰሉ ኮርኒስ መብሳት የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ዓይነት ሥራ ነው።

ስለ ብርሃኑ ደግሞ፣ የሲኒማ ቤት መለኪያ 48 ኒት ነው፤ ኒት የስክሪን ድምቀት የሚለካበት ነው። በጨለማ ክፍል፣ ተራ ነጭ 100 ኢንች ስክሪን ላይ ይህን ለመድረስ ከፕሮጀክተሩ የሚወጣ 415 ሉመን ያህል ብርሃን ይበቃል። ችግሩ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚገኘው ምስሉ አረንጓዴ በሚመታበት በደማቁ ሞድ መሆኑ ነው። ቀለሙ በሚስተካከልበት የፊልም ሞድ ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል፤ አምፖሉም ሲያረጅ ይደክማል። ስለዚህ በአንሲ፣ በታወቀው የአለካክ ደረጃ ማለት ነው፣ የተለካ 2000 ሉመን ያዙ። «አንሲ» የሚል ቃል የሌለበትን 9000 ሉመን አትመኑ።

ፕሮጀክተሩን ከስክሪኑ መሃል መስመር ጋር ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ። ምስሉ ሲዛባ በሴቲንግ ማረም፣ ኪስቶን የሚባለው ማለት ነው፣ ፒክስሎችን ይበላል፣ ጽሑፍንም ያደበዝዛል። ሌንሱን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ሞዴል ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ ከሌለ መስቀያውን አስተካክሉ። የስክሪኑ ከፍታ የሚወሰነው በዓይን ነው፦ የተቀመጠ ሰው ዓይን የስክሪኑ ታችኛ አንድ ሦስተኛ ላይ ይረፍ።

ስፒከሮች

በገበያ «ሆም ቴአትር» ተብሎ በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ስብስብ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ግን ለየብቻ የተገዛ ኤቪ ሪሲቨርና ስፒከር አንዱ ሲበላሽ ወይም ሲሻሻል ሌላው ይተርፋል። (ሪሲቨር ስንል የዲሹን ማለታችን አይደለም፤ ከሁሉም መሣሪያ ምስልና ድምፅ ተቀብሎ ስፒከሮቹን የሚነዳውን አምፕሊፋየር ነው።) ገንዘብ ካጠረ 7.1 ከመሆን ይልቅ በ5.1 የተሻለ የመሃል ስፒከር ግዙ። የፊልም ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ከእሱ ነው።

አሁን ሜትር ይዛችሁ ወለሉ ላይ በስኮች ምልክት አድርጉ። የግራና የቀኝ ስፒከሮች ከመቀመጫው ሲታዩ ከመሃል መስመር ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። በእኛ ምሳሌ ክፍል ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥተው በ2.6 ሜትር ከተራራቁ 26 ዲግሪ ይመጣል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ኮን በጆሮ ከፍታ፣ ከወለል ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ላይ ይሁን። የመሃሉ ስፒከር ከስክሪኑ በታች ከተቀመጠ ፊቱን ወደ ጆሮ ቀና አድርጉት፤ ከመደርደሪያው ጠርዝ ወደ ውስጥ ከገባ ጠርዙ ራሱ ድምፁን ይመልሰውና ንግግሩ ከሳጥን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

የዙሪያ ስፒከሮች 110 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናቸው፤ ከጆሮ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ማለት ነው። 3 ሜትር ስፋት ባለው ክፍል የጎን ግድግዳ ላይ ከጆሮ መስመር 55 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከፍታ ደግሞ ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላሉ። ከላይ የሚመጣ ድምፅ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለት የኮርኒስ ስፒከር ከመቀመጫው ትንሽ ቀደም ብለው ይገባሉ። ድምፁን ወደ ላይ ረጭተው ከኮርኒስ የሚያነጥሩት ዓይነቶች የሚሠሩት ኮርኒሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለስላሳ ነገር ለጥፋችሁበት እነሱን መግዛት ብር ማቃጠል ነው።

ሳብዉፈር በዓይን ቦታ አይመረጥለትም። መቀመጫው ላይ አስቀምጡት፣ ረጅም የቤዝ ሙዚቃ ክፈቱ፣ ከዚያ በግድግዳው ሥር በእጅና በጉልበት እየተንፏቀቃችሁ ስሙ። ቤዙ ሳያብጥና ሳይጠፋ እኩል የሚሰማበት ቦታ የሳብዉፈሩ ቦታ ነው። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። አቅም ካለ አንድ ትልቅ ከመግዛት ይልቅ ሁለት መካከለኛ ገዝታችሁ አንዱን በፊት፣ ሌላውን በኋላ ግድግዳ መሃል ላይ አድርጉ፤ ከሶፋው ጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልዩነት ይጠባል።

ሽቦ

ቀለም ከመቀባት በፊት። ለ8 ኦም ስፒከር (ኦም ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ ይለካል) እስከ 15 ሜትር ድረስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹህ የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ለ4 ኦም ወይም ለሚረዝም መንገድ 2.5 ግዙ። ዋጋው አለቅጥ የረከሰ ሽቦ ብዙውን ጊዜ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ጫፉን በቢላ ፋቅ ስታደርጉት ውስጡ ብርማ ይወጣል። ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ የመዳብን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሆነ ከተገዛ አንድ ደረጃ ወፈር ያለውን ነው መጠቀም።

ትልቁ ራስ ምታት ምስልና ድምፅን አብሮ የሚያስተላልፈው ኤችዲኤምአይ ኬብል ነው። ለ4ኬ በሰከንድ 60 ምስል በሰከንድ 18 ጊጋ ቢት መረጃ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ተራ የመዳብ ኬብል ከ5 ሜትር ካለፈ ምስሉ ብልጭ ድርግም ሊል፣ ነጭ ነጠብጣብ ሊያወጣ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። እስከ ፕሮጀክተሩ ለሚሄደው መንገድ በፋይበር የተሠራውን ኦፕቲካል ኬብል ግዙ። ይህ ኬብል አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ ለሪሲቨሩ፣ ሌላው ለፕሮጀክተሩ ነው፣ ከተገለበጠ ምንም አይሠራም። ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወለል ላይ ዘርግታችሁ አንድ ሙሉ ፊልም አሳዩበት፤ ጥግ ላይም በኃይል አትጠፉት። ኬብሉ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍበት ቱቦ (ኮንዲዩት) 40 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የኬብሉ ራስ በጠባብ ቱቦ አያልፍም። ሌላ ኬብል መጎተት የሚያስፈልግበት ቀን መምጣቱ ስለማይቀር ውስጡ ሲባጎ ትታችሁ ውጡ።

የድምፅ ሽቦና የመብራት መስመር 30 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ መሻገር ግድ ከሆነ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሻገሩ። ለክፍሉ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስዘርጉ። ሪሲቨሩ ከላዩ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ከገባ ግለቱ ፊልሙ መሃል ላይ ያጠፋዋል።

ግድግዳውን ዝም ማሰኘት

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሁልጊዜ ይምታታሉ። ድምፅ ከክፍሉ እንዳይወጣ ማድረግ ክብደትና ድፍን ማሸግ ይፈልጋል፤ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ እንዳያስተጋባ ማድረግ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ወፍራም ለስላሳ ነገር ይፈልጋል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ስፖንጅ ጎረቤትን አያድንም። የእንቁላል ካርቶን ደግሞ ሁለቱንም አይሠራም።

ለመጀመሪያው ከበሩ ጀምሩ። 90 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር የሆነ በር ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ይህ ከበሩ ጠቅላላ የገጽ ስፋት 0.5 በመቶ ነው፤ በሩ ብረት ቢሆን እንኳ ከ23 ዴሲቤል በላይ ሊያግድ አይችልም። ውስጡ ባዶ ያልሆነ ከባድ በር፣ ዙሪያውን የጎማ ማሸጊያ፣ ከሥር ደግሞ ሲዘጋ የሚወርድ መድፈኛ። ከዚህ በኋላ ነው ድርብ ጂፕሰም ቦርድ የሚታሰበው።

ለሁለተኛው በባዶው ክፍል አጨብጭቡ፤ ቀጭን የብረት ንዝረት ከሰማችሁ ባዶ ግድግዳዎች እየተቀባበሉት ነው። 60 በ120 ሴንቲ ሜትር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ስድስት የሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራ ጥጥ መሰል ነገር) ፓነሎች ለዚህ ክፍል ጥሩ ጅማሬ ናቸው። የሁለቱን ቦታ በመስታወት ታገኙታላችሁ፦ አንድ ሰው መስታወቱን በጎን ግድግዳው ላይ ሲያንሸራትት፣ የተቀመጠው ሰው በዚያ በኩል ያለውን የፊት ስፒከር ያየበት ቦታ ላይ ፓነሉ ይሰቀላል። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ሁለቱ የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ በፊት ማዕዘኖች ይቆማሉ። የሚሸፈኑበትን ጨርቅ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ተንፍሱበት፤ ትንፋሽ ካላለፈ ድምፅም አያልፍም። ሮክ ዉል ስትቆርጡ ጓንትና ማስክ አድርጉ። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ። ግድግዳውን ሁሉ መሸፈን ግን ቀጭኑን ድምፅ ገድሎ ቤዙን እንዳለ ስለሚተወው ክፍሉ የታፈነ ይሆናል።

ማስተካከል

ሪሲቨሩ የስፒከሮቹን ርቀትና መጠን ራሱ የሚለካበትን ማይክሮፎን በእጅ አትያዙ፣ ሶፋው መደገፊያ ላይም አታስቀምጡ፤ በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) በጆሮ ከፍታ ይቁም። ማራገቢያ ይጥፋ። ሳብዉፈሩ ላይ ያለውን፣ ቤዙን ከሌላው ድምፅ የሚለየውን የክሮስኦቨር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ድምፁን እኩሌታ ላይ አድርጉ። ልኬቱ ሲያልቅ ሪሲቨሩ የጻፈውን እዩ። የፊት ስፒከሮችን «ትልቅ» ብሎ ከመዘገበ ቤዙ ወደ ሳብዉፈሩ እንዲሄድ «ትንሽ» በሉትና በሪሲቨሩ መለያውን (ክሮስኦቨሩን) 80 ሄርዝ አድርጉ። የሳብዉፈሩ ርቀት በሜትር ከለካችሁት በልጦ ከታየ አትንኩት፤ የሳብዉፈሩ ኤሌክትሮኒክስ የሚያዘገየውን ጊዜ ነው የቆጠረው። የሳብዉፈሩ መጠን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ወርዶ ከተገኘ ግን ከኋላው ያለውን ቁልፍ ቀንሳችሁ እንደገና ለኩ። ምስሉን የፊልም ሞድ ላይ አድርጉ፣ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ አጥፉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ችግሮች ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። ድምፁ መሃል ላይ መቆም አቅቶት ዙሪያውን ከተንሳፈፈ፣ ቤዙም ከሳሳ፣ የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ተገላብጧል። ከንፈርና ድምፅ ካልተገናኙ ምስሉ ዘግይቷልና በሪሲቨሩ ድምፁን በሚሊ ሰከንድ አዘግዩ። ድምፅ ከቴሌቪዥኑ በአርክ (በኤችዲኤምአይ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ ተመልሶ) የሚመጣ ከሆነ ያልተጨመቀውን የዲስክ ድምፅ ለማግኘት ሁለቱም መሣሪያዎች ኢአርክ የሚባለው የተሻሻለው አርክ ያላቸው መሆን አለባቸው። ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የዲሽ ወይም የአንቴና ኬብል አለዚያም ከሌላ ሶኬት የተሰካ ሳብዉፈር ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ሶኬት አምጡ፣ ለአንቴናው ማግለያ ትራንስፎርመር ግዙ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ተብሎ የመሬት ሽቦ አይቆረጥም፤ ድምፁ ቢጠፋም የመሣሪያው አካል ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።