«ሀብታሙ ይክፈል» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ግብርና ስለ ሀብት ክፍፍል ስንከራከር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቀን ቀን የሰው ሒሳብ እሠራለሁ። ማታ ደግሞ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የግብር ሕግ አስተምራለሁ። ስለዚህ የግብር ወሬ ከኔ አይርቅም። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰንበቴ ላይ ይነሳል። አንዱ «ሀብታሙ ላይ ይጫንበት» ይላል። ሌላው «ሰው ለፍቶ ያገኘውን ለምን ይቀማል?» ብሎ ይነሳል። ክርክሩን እወደዋለሁ። ማን ምን ያህል ያዋጣ፣ ለማንስ ይድረስ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። የሚያንገበግበኝ ሁለቱም ወገን በተሳሳተ ሒሳብ ላይ ቆሞ ሲጯጯህ ነው። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

የመጨረሻውን እርከን በሙሉ ደመወዝ ላይ ማባዛት

አዲሱ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ በወጣ ሰሞን አንዲት ነርስ ቢሮዬ መጣች። «ጋሼ፣ እድገት ሰጥተውኛል። ባልቀበለው ሳይሻል አይቀርም» አለችኝ። ደመወዟ 13,600 ብር ነው። በእድገቱ 14,400 ይሆናል። ሒሳቡን በስልኳ ሠርታ ነው የመጣችው። ከ13,600 ላይ 30 በመቶ ሲነሳ 9,520 ይቀራል። ከ14,400 ላይ 35 በመቶ ሲነሳ ደግሞ 9,360። «ይኸው፣ 160 ብር እከስራለሁ» አለች።

የደመወዝ ወረቀቷን ገለበጥኩና ጀርባው ላይ ጻፍኩላት። የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ባለው ላይ ብቻ 15 በመቶ፣ 300 ብር። እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር። እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ 750 ብር። እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ 1,200 ብር። 35 በመቶው የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለችው 400 ብር ላይ ብቻ ነው። እሷም 140 ብር ናት። ጠቅላላ ግብሯ 2,990 ብር ሆነ። በድሮው ደመወዟ 2,730 ነበር። ከ800 ብሩ ጭማሪ ላይ ግብሩ 260፣ የጡረታ መዋጮው 56 ይወስዳሉ። 484 ብር እጇ ይገባል።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዋርድ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አሳያቸዋለሁ» አለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። መጠየቋ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የማዝነው ሳይጠይቁ እድገታቸውን ለሚተዉት ነው።

ስለ ሀብት ክፍፍል የሚከራከሩ የተማሩ ሰዎችም እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። «መንግሥት ከላባችን 35 በመቶ ይወስዳል» ይባላል። ነርሷ ስንት ነው የከፈለችው? ከመቶ ብር 21 ብር ገደማ። ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። ግን 35 አይደለም።

የላይኛውን እርከን «የሀብታም ግብር» ብሎ መጥራት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

በ1994 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ወርሃዊ ደመወዝ ላይ 150 ብሩን ነፃ አደረገ። 35 በመቶው የሚጀምረው ከ5,000 ብር በላይ ነበር። ያኔ ዶላር 8 ብር ተኩል አካባቢ ነው። 5,000 ብር ማለት 580 ዶላር ገደማ ነበር። ያን ጊዜ 5,000 ብር የሚበላ ሰው የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው። እሱን «ከፍተኛ ተከፋይ» ማለት ያስኬዳል።

ይህ ሠንጠረዥ ሳይነካ 14 ዓመት ቆየ። በ2008 ሲሻሻል ነፃው 600 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ 10,900 ብር ሆነ። በጊዜው ምንዛሬ 500 ዶላር ገደማ ነው። ከዚያ እንደገና 9 ዓመት። በመሀሉ ስንት ነገር አለፈ! ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ዘይትና ጤፍ ጣሪያ ነኩ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ። ሠንጠረዡ ግን እዚያው ነው። አምስት ኪሎ ጤፍ በቅጡ የማትገዛው 600 ብር «ከግብር ነፃ» ተብላ ተቀምጣለች።

በሐምሌ 2017 ተሻሻለ። ነፃው 2,000 ብር፣ የ35 በመቶው መነሻ 14,000 ብር ሆነ። በዚያ ወር ምንዛሬ 14,000 ብር 100 ዶላር ገደማ ነው። 580፣ 500፣ 100። የ«ሀብታሙ» መስመር እንዲህ ወረደ። ገበያ የምንወጣው በዶላር አይደለም፤ ግን የዘይቱም የመድኃኒቱም ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን።

እዩት እንግዲህ። የላይኛው ምጣኔ አልጨመረም። ፓርላማ ውስጥ «የመምህሩን ግብር እናሳድግ» ብሎ እጁን ያወጣ ሰው የለም። ኑሮው ተወደደ፣ ደመወዝ ኑሮውን ለመከተል ትንሽ ከፍ አለ፣ ከፍ ስላለ ወደሚቀጥለው እርከን ገባ። ሰውየው የሚገዛው ያው ዘይት፣ ያው ጤፍ ነው፤ ምናልባትም ያነሰ። ግብሩ ግን አደገ። የዋጋ ንረት ማንንም ሳያስፈቅድ ግብር ጨመረበት።

ስለዚህ «የላይኛው እርከን ወደ 40 ይደግ፣ ለድሃው ይከፋፈል» የምትሉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የምትነኩት ነርሷን ነው። ደመወዝተኛ ግብሩን የሚከፍለው ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ነው፤ የሚያመልጥበት በር የለውም። አምስት ቤት አከራይቶ ኪራዩን በካሽ የሚቀበለው፣ ውሉ ላይ ግማሹን የሚጽፈው ሰው ሠንጠረዡ ውስጥ የለም። የአገሪቱ የግብር ገቢ ከአጠቃላይ ምርቷ አንጻር በ2007 አካባቢ 12 በመቶ ገደማ ነበር። በ2016 ወደ 7 በመቶ አካባቢ ወርዶ ነበር። በዚያው ጊዜ ደመወዝተኛው ወደ ላይኛው እርከን እየተገፋ ነበር። ለፍትሕ የሚከራከር ሰው መጀመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቅ። እርከኖቹ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብረው ለምን አይንቀሳቀሱም? ከሠንጠረዡ ውጭ ያለውስ ማነው?

«ድሃ ግብር አይከፍልም»

ይከፍላል። የቀን ሠራተኛው የ100 ብር ካርድ ሞልቶ ወደ ገጠር ሲደውል 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ አለ። 13 ብር ከፍሏል ማለት ነው። ሳሙና ሲገዛም እንዲሁ።

ገቢንና ሀብትን አንድ ማድረግ

ጉለሌ ውስጥ ከወላጆቻቸው የወረሱት ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ አውቃለሁ። ቦታው ዛሬ ሚሊዮኖች ያወጣል። በወር የሚገባላቸው ግን ጥቂት ሺህ ብር ነው። በ2015 አዲስ አበባ ውስጥ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ግምቱ ሲከለስ ወረቀቱን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ግድግዳ አይበላ ነገር» አሉኝ። በሀብት ካየናቸው ባለጸጋ ናቸው። በገቢ ካየናቸው ድሃ ናቸው።

በተቃራኒው ሦስት ቦታ በቆርቆሮ አጥሮ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቅ ሰው አለ። ገቢ የለውም። ሀብቱ ግን እያደገ ነው። የደመወዝ ግብር አይነካውም። በጥር 2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ የሚነካው ይህን ወገን ነው፤ እኔ በመርህ ደረጃ እደግፈዋለሁ። ግን ጡረተኛዋንና ባለ ሦስት ቦታውን በአንድ ዓይን ካየ ያሳዝነኛል። «ሀብታም» የሚለውን ቃል ስትጠቀሙ የቱን ማለታችሁ እንደሆነ ተናገሩ።

የጂኒ ቁጥር ይዞ አገር ከአገር ማወዳደር

ይህን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ፤ ያውም ክፍል ውስጥ። የጂኒ መለኪያ ዜሮ ሲሆን ሁሉም እኩል ነው፣ 100 ሲሆን ሁሉም ነገር የአንድ ሰው ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያን 35 አድርጎታል። የአሜሪካ 41 አካባቢ ነው። «ስለዚህ እኛ ከአሜሪካ ይልቅ እኩል ነን» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ይሄ ቁጥር ቦሌ ያለውን ሕንፃ ይቆጥራል?» አለኝ።

አይቆጥርም። የኛ ጥናት የሚለካው ቤተሰብ የሚበላውንና የሚጠቀመውን ፍጆታ ነው። የአሜሪካው የሚለካው ገቢን ነው። ፍጆታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገቢ ይልቅ እኩል መስሎ ይታያል፤ ሀብታም ሰው በቀን ዐሥር ጊዜ ምሳ አይበላም። የተረፈውን ሕንፃ ያሠራበታል። ልጁን በማግስቱ ክፍሉ ፊት አመሰገንኩት። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከማስተማሬ በፊት ምን እንደሚለካ አስተምራለሁ።

«ባለ አክሲዮን 10 በመቶ ብቻ ነው የሚከፍለው»

በ2008ቱ አዋጅ ከትርፍ ድርሻ ላይ የሚቆረጠው 10 በመቶ ነበር፤ እውነት ነው። ግን ድርጅቱ አስቀድሞ ከትርፉ 30 በመቶ ከፍሏል። ከ100 ብር ትርፍ 30 ሄደ፣ ከቀሪው 70 ደግሞ 7 ሄደ። ድምሩ 37 ነው። ድርጅቱ ትርፉን ከደበቀ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ክርክሩ ስለ ኦዲት ይሁን።

«ስዊድንን እዩ»

ስቶክሆልም የአክስቴ ልጅ አለ፤ በደወለ ቁጥር «ስዊድንን እዩ፣ ሀብታሙ ከፍሎ ነው ሁሉም የሚማረው፣ የሚታከመው» ይለኛል። እሺ፣ እንይ። ስዊድን ውስጥ የተጨማሪ እሴት ታክስ መደበኛው 25 በመቶ ነው። የሀብት ግብርን እ.ኤ.አ. በ2007 ሰርዘውታል። የውርስ ግብርንም ከዚያ ቀደም ብለው ትተዋል። ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ የሚሠራው ጥቂት ሀብታሞች ስለተጨመቁ ሳይሆን ሁሉም ስለሚከፍልና የከፈለውን መልሶ ስለሚያየው ነው። ስዊድንን ምሳሌ የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም ጎን ያምጣ።

ከማን እንደሚወሰድ ብቻ ማውራት

ለማን እንደሚሰጥስ? የነዳጅ ድጎማ ለብዙ ዓመት «ለድሃው» ሲባል ነበር። አራት መኪና ያለው ቤት ግን ከታክሲ ተሳፋሪው እጅግ የበለጠ ይደጎም ነበር። ከ1997 ጀምሮ ለድሃው ገበሬ ምግብና ገንዘብ የሚሰጠው የገጠሩ ሴፍቲኔት ሚሊዮኖችን በርሃብ ወቅት ከብታቸውን ከመሸጥ ታድጓል። ስለ ግብር ምጣኔ አምስት ሰዓት የሚከራከር ሰው ስለዚህ አምስት ደቂቃ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

የ1967ን በአንድ ቃል መጨረስ

እኛ አገር ስለ ሀብት ክፍፍል ሲነሳ 1967 መምጣቱ አይቀርም። አንዱ «ያኔ ነው ፍትሕ የመጣው» ይላል። ሌላው «ያኔ ነው አገር የተበላሸው» ይላል። ሁለት አዋጆች ነበሩ። የየካቲቱ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ጭሰኛው ምርቱን ለባለመሬት ማካፈል ቀረለት፤ ገባርነት ቆመ። የሐምሌው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። እዚህ ሁለተኛው ላይ ብዙ ሕንፃ ያለው መስፍንና ሁለት ክፍል አከራይታ ልጆቿን የምታሳድግ መበለት አንድ ላይ «ትርፍ ቤት» ተባሉ። ከዚያ የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዐሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ቀረ። የሚያድሰው አልነበረም፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ግድግዳው ዘመመ። የመጀመሪያውን የሚደግፍ ሰው ሁለተኛውን የመደገፍ ግዴታ የለበትም። እኔ የመጀመሪያውን እደግፋለሁ፣ ሁለተኛው ያመኛል።

«ነጋዴው ሁሉ ሌባ ነው»

የሚሰውር አለ። አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ግን ሰው ግብር የሚሸሸው ስስታም ስለሆነ ብቻ አይደለም። በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሳ አንዱ ፍርሃቱ ልኬታው ነበር። መሬቴን ለክተው ርስቴን ሊወስዱብኝ ነው አለ። የሚለካውን ሰው አላመነውም።

በሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አምቦና ወሊሶን ጨምሮ በየከተማው ሱቆች ተዘጉ። ያን ሰሞን ቅሬታ ስጽፍ ነበር የማመሸው። አንዷ ደንበኛዬ ትንሽ ጥብስ ቤት ነበራት፤ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ። ገማቾቹ የመጡት ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ነው። ቤቱ ሞልቷል። ያንን ቀን አይተው በዓመቱ አባዙት። ረቡዕና ዓርብ ጥብስ እንደማይሸጥ፣ ሁዳዴ 55 ቀን እንደሆነ፣ ፍልሰታና ገና ጾም እንዳሉ የጠየቃት የለም። ወረቀቱን ይዛ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አልከፍልም አላልኩም። ያልሸጥኩትን ግን ከየት ላምጣ?» አለችኝ።

የዓመቱን የጾም ቀኖች አንድ በአንድ ቆጥረን ከቅሬታው ጋር አያያዝነው። ግምቱ ተቀነሰላት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የየቀኑን ሽያጭ በልጇ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ትመዘግባለች። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ደብተሩን ይዛ ትመጣለች። የጾም ቀኖቹ በቀይ እስክሪብቶ ነው የተጻፉት።